የድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ፤ ታሪኩና መሣሪያዎቹ

በድሬዳዋ ከተማ ከነባሩ የባቡር ጣቢያ ጋር በተያያዘው ሰፊ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ በአገራችን በማሽን የታገዘ የብረታ ብረት ሥራ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። ነባሩ የጅቡቲ-አዲስ አበባ የባቡር መስመር ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ አገልግሎት ሲሰጥ፣ ሎኮሞቲቮቹ፣ ፉርጎዎቹና የመንገደኛ ሠረገላዎቹ በዋናነት የሚጠገኑት በዚሁ ግቢ ነበር። በነባሩ ሐዲድ ላይ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባቡር ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወርክሾፑ ግን ከነማሽኖቹ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ጎብኚዎች እየተዘዋወሩ የሚመለከቱት ስፍራ ሆኖ ቆይቷል።

ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች ከታሪክ ትረካ ያለፈ ትርጉም አለው። ያረጀ ማሽን በንብረት መዝገብ ላይ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ቀጥሎ የሚጠብቀው በጨረታ መሸጥና በኪሎ መመዘን ነው። ያው ማሽን «ቅርስ» ተብሎ ከተመዘገበ ያለሚመለከተው አካል ፈቃድ ሊነሳ አይችልም። ከሁለቱ ቃላት የትኛው በየትኛው ማሽን ስም ትይዩ እንደሚጻፍ የሚወሰነው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ በመሆኑ፣ የወርክሾፑን ምንነት ማወቅ ለወሳኙ ሰው አስፈላጊ ይሆናል።

የባቡር መስመሩ ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስና አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመታት የሚቆይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ በመጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር በመሆን ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ፣ የሐዲድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ።

ሐዲዱ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ቢታቀድም ሐረር የምትገኘው በከፍተኛ ተራራ ላይ ነው። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ አነስተኛ በመሆኑ በሜዳ ላይ ከባድ ጭነት በትንሽ ጉልበት መጎተት ይቻላል። በዳገት ላይ ግን ያው ትንሽ ሰበቃ ጎማው ሐዲዱን መቆንጠጥ እንዲሳነው ያደርጋል። መሐንዲሶቹ የሐረርን ተራራ ለመውጣት የሚጠይቀውን ገንዘብና ድካም አስልተው መስመሩ በተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ መረጡ። ባቡሩ ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከዚህ ሜዳ ደረሰ። በስፍራው የተቆረቆረችው ከተማም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ስሙ ብዙ ሳይቆይ ቀርቶ ድሬዳዋ የሚለው ጸና።

ሥራው በድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 ከኩባንያው ጋር ባደረገው ስምምነት በሥራው ውስጥ እጁን ማስገባቱ ዐፄ ምኒልክን አላስደሰተም። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያም በመስመሩ ጉዳይ ይሻኮቱ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1908 ለዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠና በእርሱ መሠረት የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ሐዲዱ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአዋሽ በኩል እየገፋ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

ይህ የዓመታት መቆም ለድሬዳዋ ዕድል ሆነላት። የሐዲዱ ጫፍ በመሆኗ ከባቡር የሚወርደው ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው ከዚሁ ነበር። ኩባንያውም ዋና የጥገና ሥራውን በዚሁ አደላደለ። መስመሩ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ወርክሾፑ ከድሬዳዋ አልተነሳም። ለዚህም አቀማመጧ አንድ ምክንያት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠረፉ በረሃም ሆነ ከሸዋ ደጋ መካከለኛ ርቀት ያላት ከተማ ናት። የከርሰ ምድር ውኃም አላት። በበረሃ ለሚጓዝ የእንፋሎት ባቡር ውኃ ከማገዶ የማይተናነስ ፍላጎት ነው።

ይሁን እንጂ የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ነዋሪው በየማንቆርቆሪያው ውስጥ በሚያየው ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ውኃ በሎኮሞቲቭ ቦይለር ውስጥ ሲፈላ ያው ቅርፊት በቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት አላሳልፍ ስለሚል ባቡሩ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ከዚህም የባሰው ብረቱ በአንድ ቦታ ከመጠን በላይ ግሎ ሊቀደድ መቻሉ ነው። ስለዚህ በእንፋሎት ዘመን ቦይለሩን በየጊዜው አቀዝቅዞ ማጠብ፣ ቅርፊቱን መፈልፈል፣ የተበሉትን ቱቦዎች አውጥቶ በአዲስ መተካት የባቡር ጥገና የዘወትር ሥራ ነበር። የተቃጠለውን ቱቦ ከሳህኑ ነቅሎ አዲሱን እያሰፉ መግጠም፣ ከዚያም ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውኃ ግፊት ሞልቶ ማንጠብጠቡንና አለማንጠብጠቡን መፈተሽ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፍተሻው በቀዝቃዛ ውኃ የሚሆንበት ምክንያት ውኃ ሲያፈተልክ እንደ እንፋሎት የማይፈነዳ በመሆኑ ነው።

በአገራችን ብረት መሥራት ከባቡር ጋር የመጣ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። በወለጋና በሌሎች አካባቢዎች የብረት ማዕድን ከመሬት ቆፍረው፣ በከሰልና በወናፍ አቅልጠው ማረሻ፣ ጦርና ቢላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለዘመናት ኖረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የመድፍ መሥሪያ አቋቁመው ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል። ነገር ግን የባቡር ሐዲዱም ሆነ ማሽኖቹ የተሠሩበት ብረት ሁሉ የመጣው በመርከብ ከአውሮፓ ነው። ወርክሾፑ ያስገኘው አዲስ ነገር በልክ የመሥራት ልማድ ነው። ባለ እጁ ማረሻውን ለአንድ ገበሬ እንደሚስማማ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል። የባቡር ዘንግ ግን ዛሬ በአንዱ ፉርጎ ነገ በሌላው ላይ መገጠም ስላለበት፣ ከሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ከወንድሙ ጋር አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል።

ነባሩ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ይህ ስፋት የተመረጠው ለቁጠባ ነበር። ጠባብ ሐዲድ ጠበብ ያለ ቁራጭ መሬትና አነስተኛ ድልድይ ይበቃዋል፣ በተራራ ዙሪያም በቀላሉ ይጠማዘዛል። ሐዲዱ ያረፈባቸው አግዳሚዎች ከእንጨት ይልቅ ከብረት የተሠሩ ናቸው። በምስጥ በሚታወቅ አገር የእንጨት አግዳሚ ብዙ አይቆይም፣ ከሩቅ አገር በየጊዜው ማስመጣቱም ያከስራል። በመስመሩ ዳርቻ በሚገኙ መንደሮች ከነዚህ ብረቶች አንዳንዶቹ ዛሬ የአጥር ምሰሶ ሆነው ቢታዩ የሚገርም አይደለም።

ጠመዝማዛ መስመር ግን ዋጋ ያስከፍላል። የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር አለው። በየጥምዝምዙ ከንፈሩ ከሐዲዱ ጎን ጋር ይፋተጋል፣ ይሳሳል፣ ይሾላልም። የሾለ ከንፈር በሐዲድ መገጣጠሚያ ላይ ሊወጣና ባቡሩን ሊጥል ይችላል። በመሆኑም ጎማዎች ከነዘንጋቸው ከሠረገላው ሥር እየተፈቱ ወደ ወርክሾፕ መምጣት ነበረባቸው።

የጎማ ቶርኖ የሚባለው ትልቅ ማሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማሽኑ ዘንጉን ከሁለት ጫፍ ይዞ በዝግታ ያሽከረክራል። ከፊት የተገጠሙት ጠንካራ መቁረጫዎች ሁለቱንም ጎማዎች በአንድ ጊዜ እየላጩ የከንፈሩን ቅርጽ ይመልሳሉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል መላጨት አለባቸው። አንዱ ጥቂት ካነሰ ሠረገላው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ደጋግሞ ከመላጨት የተነሳ ጎማው ሲቀጥን ደግሞ በከባድ የግፊት ማሽን ከዘንጉ ተገፍቶ ይወጣና አዲስ ይገባበታል። ጎማና ዘንግ አይበየዱም፣ በቡሎንም አይታሰሩም። የዘንጉ ውፍረት ከጎማው ቀዳዳ በጣም በጥቂቱ እንዲበልጥ ተደርጎ ይሠራና በግፊት ብቻ ተጨብጠው ይኖራሉ።

ከጎማ ቶርኖው ሌላ እንደ ድሬዳዋው ያለ የባቡር ወርክሾፕ የሚሟሉለት መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቶርኖዎች፣ መብሻዎች፣ ብረት መላጊያዎች፣ ጥርስ ማውጫ ማሽኖች፣ የአንጥረኛ ምድጃና በኃይል የሚሠራ መዶሻ፣ ሎኮሞቲቭ የሚያነሱ ክሬኖችና ክሪኮች፣ የብየዳና የአናጢ ክፍል ይኖሩታል። የዚያ ዘመን ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የየራሳቸው ሞተር አልነበራቸውም። በጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ረጅም ዘንግ ይሽከረከርና ኃይሉ በቆዳ ቀበቶ ወደ እያንዳንዱ ማሽን ይወርድ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲረክስ ቀበቶው ቀርቶ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ተገጠመለት። በአንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሁለቱም ዘመናት ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ፤ የቀድሞው ቀበቶ መዘውር ሳይነቀል ሞተሩ በስተጎኑ ይታሰራል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ምልክት በንብረት ቆጠራ ቅጽ ላይ ከማሽኑ ስምና ቁጥር ጋር መጻፍ ብዙ አይከብድም። ካልተጻፈ ግን ማሽኑ «አሮጌ ቶርኖ፣ 1» ከመባል አያልፍም።

የማቅለጫ ሥራም የራሱ ጥበብ አለው። የሚፈለገው ዕቃ በመጀመሪያ በእንጨት ይቀረጻል። የእንጨት ቅርጹ ከትክክለኛው ዕቃ ጥቂት ከፍ ብሎ መሠራት ይኖርበታል፤ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባልና። ቅርጹ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ታትሞ ይወጣል፣ በባዶው ላይ የቀለጠው ብረት ይፈሳል። ከጎማ ጋር እየተፋተገ የሚያልቀው የፍሬን ብረት በዚህ ዘዴ በብዛት የሚመረት ዕቃ ነው። ስለዚህ የእንጨት ቅርጾቹ ከማሽኖቹ ባላነሰ ሊጠበቁ ይገባል። በንብረት አስወጋጆች ዓይን ማገዶ ይመስላሉ፣ ነገር ግን አንድ ቅርጽ ከጠፋ በእርሱ የሚሠራውን ዕቃ እንደገና ለማውጣት ናሙናውን ከየትም ፈልጎ እንደ አዲስ መለካት ግድ ይሆናል።

ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለነበር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆየ። ከዚሁ የተነሳ ሸመንደፈር፣ ለገሃርና ፉርጎ የሚሉት ቃላት ከባቡሩ ጋር ወደ አማርኛ ገቡ። ቶርኖ ግን ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። የጥገና መመሪያዎች፣ የዕቃ ዝርዝሮችና ንድፎች በአብዛኛው በፈረንሳይኛ የተጻፉ መሆናቸው ለዛሬው መዝገብ አደራጅ አንድ ተጨማሪ ፈተና ነው።

ወርክሾፑ ከፖለቲካው አውሎ ነፋስ ውጭ ሆኖ አያውቅም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሱት በዚሁ ባቡር ሲሆን በድሬዳዋ በኩል አልፈው ጅቡቲ ገብተዋል። ከሳምንት በኋላ ግንቦት 1 ቀን ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የኢጣሊያ ጦር ክፍሎች የተገናኙት ድሬዳዋ ላይ ነው። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች ሊቶሪና የሚባለውን በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ሠረገላ በመስመሩ ላይ አሠማርተዋል። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከኢጣሊያኖች እጅ ስትወጣ፣ ሸሽተው የሄዱት ወታደሮች የአዋሽን ድልድይ ጨምሮ መስመሩን ጎድተውት ነበር። ባቡሩ ለጥቂት ዓመታት በእንግሊዝ ጦር ሥር ከቆየ በኋላ ወደ ኩባንያው ተመለሰ።

የምድር ባቡር ሠራተኞች በአገራችን ቀድመው በማኅበር ከተደራጁት መካከል ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ በርካታ ሙያተኛ በየዕለቱ መገናኘቱ፣ ሥራውም ተተኪ በቀላሉ የማይገኝለት መሆኑ ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም። የሠራተኞች ማኅበራትን በሕግ ያወቀው ድንጋጌ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ነው። በድሬዳዋ የባቡር ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንደነበር ይነገራል። ከወርክሾፑ ወጥተው በፋብሪካዎችና በጋራዦች የተሰማሩ ባለሙያዎችም ጥቂት አይደሉም።

ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች እየገቡ የእንፋሎቱ ዘመን አከተመ። ለውጡ ለመንገደኛው ፍጥነትና ንጽሕና ሲሆን ለወርክሾፑ ግን የሙያ ለውጥ ነበር። በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ ላያሽከረክር ይችላል። ኤሌክትሪክ ያመነጭና ኤሌክትሪኩ በየዘንጉ ላይ የታሰሩትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ቦይለር ሲፈለፍል የኖረው ሠራተኛ የነዳጅ መርጫን በጥቃቅን ልክ ማስተካከል፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተርን በመዳብ ሽቦ እንደገና መጠምጠም መማር ነበረበት። የድሬዳዋ አቧራና ሙቀት ለእነዚህ ሞተሮች የሚመች አልነበረም።

በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ ኢትዮጵያም የአክሲዮኑ ባለ ግማሽ ድርሻ ሆነች። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም የፈረንሳይ ድርሻ ለጅቡቲ ተላልፎ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ተመሠረተ።

በዚሁ መካከል መስመሩ ከባድ ፈተና ደርሶበታል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲጀምር የባቡር ድልድዮች ተቆርጠው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። በነሐሴ ወር ድሬዳዋ ራሷ የጦር ግንባር ሆነች፣ ጥቃቱም ተመክቶ ተመለሰ። መስመሩ ሥራ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ወራሪው ጦር ከተባረረ በኋላ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኛ ባቡር በድልድይ አጠገብ ባለ ጥምዝምዝ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል በመውደቁ ከ400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ውስጥ ከተመዘገቡት እጅግ የከፉ አደጋዎች አንዱ ይህ ነው። የጎማ ከንፈርና የፍሬን ብረት ነገር የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመዳከም ታሪክ ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች ጭነቱን ወሰዱ። ሐዲዱ ከመነሻው ለቀላል ጭነት የተዘረጋ ስለነበር ከዘመኑ ፉርጎ ክብደት ጋር አልተመጣጠነም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ ወደብ ሲዘጋ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ እጅግ በሚፈለግበት በዚያን ጊዜ ግን አቅሙ ተሟጦ ነበር። ለአሮጌ ሎኮሞቲቮች መለዋወጫ ማግኘት እያስቸገረ በሄደ ቁጥር ያረጀውን ዕቃ ለክቶ መሰሉን ማውጣት የወርክሾፑ ባለሙያዎች ኃላፊነት ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ የተጀመረው የመስመሩ እድሳትም ከታሰበው ዳር ሳይደርስ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ጉዞ ተቋረጠ። ወደ ደወሌ በሚወስደው የምሥራቁ ክፍል ግን ከዚያ በኋላም በተቆራረጠ ሁኔታ ባቡር ሲመላለስ ቆይቷል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር የንግድ አገልግሎቱን በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. ጀምሯል። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ የነባሩ መስመር አንድም ሠረገላ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። በዚህም ሳቢያ የከዚራው ጣቢያና ወርክሾፕ ከባቡር ትራንስፖርት ተለያይተው ቀርተዋል።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። በሐዲዱ ስፋት ምክንያት ዋጋ ያጡት የጎማ ቶርኖውና ጥቂት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ናቸው። መብሻው፣ መላጊያው፣ ተራው ቶርኖና የማቅለጫው ክፍል ግን የሚሠሩት ዕቃ ለባቡር ይሁን ለሲሚንቶ ፋብሪካ አይለዩም። ድሬዳዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ድርጅቶች ባሉበት ከተማ ጤነኛ ማሽንን ሥራ ፈት ማድረግም፣ ቅርስ ነው ብሎ በገመድ ማጠርም ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ቆጠራው ማሽኖቹን በሦስት ወገን ቢለይ ይበጃል፤ ሊሠሩ የሚችሉ፣ በታሪካቸው ሊጠበቁ የሚገባቸው፣ በእርግጥም ቁርጥራጭ ብረት የሆኑ። አንዳንዱ ማሽን ከሁለቱ የመጀመሪያ ወገኖች ሊመደብ ይችላል።

ሕጉ ለዚህ በቂ መነሻ ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሃይማኖታዊ ወይም በጥንታዊ ዕቃ ብቻ ሳይወስን፣ በሳይንስ፣ በታሪክና በባህል ዋጋው ከፍተኛ የሆነን የሰው ልጅ የፈጠራ ውጤት ሁሉ በሚያካትት መልኩ ነው። ቅርስ በእጁ የሚገኝ አካል የማስመዝገብና የመንከባከብ ግዴታ አለበት። የድሬዳዋ አስተዳደርም በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመ ራሱን የቻለ አስተዳደር እንደመሆኑ በክልሉ ስላለው ቅርስ የሚመለከተው ቢሮ አለው። የንብረቱ ባለቤትነት ግን የሁለት አገሮች የጋራ ድርጅት ከነበረው ተቋም የሚመነጭ በመሆኑ፣ የቅርስ፣ የትራንስፖርትና የንብረት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም የጅቡቲ ወገን ሳይነጋገሩ አንዱ ብቻውን ሊጨርሰው የሚችለው ጉዳይ አይደለም።

የነባር ጣቢያዎች መሬት በከተማ መካከል የሚገኝ መሆኑም ሌላው ግፊት ነው። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ሰፊ የግንባታ ዕቅድ ይፋ መሆኑ ይታወሳል። የከዚራ መሬትም ከዚህ ዓይነቱ ፍላጎት ነፃ ሆኖ ይቆያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ የሚጠቀሱ አሉ። በጀርመን የፎልክሊንገን የብረት ማቅለጫ ሥራውን ካቆመ በኋላ ከነማሽኖቹ ተጠብቆ በ1987 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የህንዱ የዳርጂሊንግ ጠባብ ሐዲድ ባቡር ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ተመዝግቧል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1971 በናይሮቢ የባቡር ቤተ መዘክር ከፍታለች።

ይበልጥ የሚቀርበን ግን የኤርትራ ተሞክሮ ነው። ከምጽዋ አስመራ የሚደርሰው ባቡር በጦርነት ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሏል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቅሞ እንደገና ሲዘረጋ፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን ወደ ሥራ የመለሱት በጡረታ ላይ የነበሩ ሽማግሌ ባለሙያዎች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. መስመሩ አስመራ ደረሰ። ይህ ሊሆን የቻለው አሮጌዎቹ የወርክሾፕ መሣሪያዎችም ሆኑ በእነርሱ መሥራት የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ስለነበሩ ነው።

በድሬዳዋም የማሽኖቹን ስም፣ የተሠሩበትን ፋብሪካና ዓመት ከብረት ሰሌዳቸው ላይ ገልብጦ መመዝገብ ለአንድ ኮሚቴ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ማሽን ለምን ዕቃ ያገለግል እንደነበር፣ የትኛው የእንጨት ቅርጽ የየትኛው ሎኮሞቲቭ እንደሆነ፣ የትኛው ንድፍ በኋላ እንደታረመ ግን በሰሌዳ ላይ አይገኝም። ይህን የሚያውቁት በጡረታ የተገለሉት ሠራተኞች ናቸው። ቆጠራው በሚካሄድበት ዕለት ከንብረት ክፍሉና ከቅርስ ባለሙያው ጎን አንድ የቀድሞ ቶርኖ ሠራተኛ ቢገኝ፣ በቅጹ ላይ ያለው «መግለጫ» የሚለው ባዶ ቦታ ይሞላል።